አሜን ያልንበት ካምፕ

ባዶ መሬት አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው በየማኅበሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየዘመድ አዝማዱ መካከል አንድ አንድ አይጠፋም። እናንተ ዘንድ ከሌለ እድለኞች ናችሁ፤ ወይም ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አጥር ሥር የቀረች ሁለት እርምጃ ቦታ ካየ፣ እዚያች ላይ ምን ሊቆም እንደሚችል ሳያሰላስል አያድርም። ሥራው አያልቅም፤ እንዲያልቅም አይፈልግም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብቻውን አለመሥራቱ ነው። እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ በአጠገቡ ካለፋችሁ፣ ስትመለሱ አካፋ ይዛችኋል።

የእኔው ድርሻ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ የሚያሠሩት መንገድ ስላጡ የቤተ ክርስቲያናችንን የወጣቶች ካምፕ መሠረቱ። ወጣቶቹ ፊት ለፊት "ጋሼ" ይሏቸዋል። ከጀርባቸው ግን ስማቸው "እንጨምር" ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ እንጨምርበት" ሳይሉ የዋሉበትን ቀን ያየ ሰው የለም። እኔም ማዕረጋቸው እንዳይጓደል ክቡር እንጨምር እላቸዋለሁ።

እኔ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነኝ። ሙያዬ ምን ሊሰበር፣ ምን ሊሰምጥ፣ ምን ሊቃጠል እንደሚችል አስቀድሞ ማየት ነው። የኢንሹራንስ ሰው ገደል፣ ገመድና ሐይቅ ባለበት የካምፕ ኮሚቴ ውስጥ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ይሰቃያል።

ነገሩ ሲጀመር ለሁለት ቀን ብቻ ነበር። ባለቤቴ "ወንድሜን አንድ ቅዳሜ ብቻ አግዘውና ና" አለችኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዘጠኝ ወጣቶችና ሁለት ድንኳኖች ይዘን ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ ሐይቅ ሄድን። አንዱ ድንኳን ያፈስሳል፣ ሌላው አልቆም አለ። ልጆቹ ዘመሩ፣ ኮረብታውን ወጡ፣ ጸለዩ፣ እሑድ ማታ በሰላም ተመለሱ። እውነት ለመናገር ደስ የሚል ነበር። ጤነኛ ሰው ቢሆን ይህንኑ በየዓመቱ እየደገመ አምላኩን ያመሰግናል። ክቡር እንጨምር ግን አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ኋላ ዞረው ሐይቁ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አዩትና፣ "ጥሩ ነበር፣ ግን…" አሉ።

በሁለተኛው ዓመት ጀልባ መጣች። በሦስተኛው ልጆች በእጅና በእግራቸው እየቧጠጡ የሚወጡት ስምንት ሜትር ግድግዳ ቆመ። ቀጥሎ ከትልቁ ዛፍ ወደ ቋጥኙ የሚያሻግር የገመድ ድልድይ ተዘረጋ። ከዚያ አናጺ ቤት፣ ከዚያ ሁለተኛ ጀልባ፣ ከዚያ ሦስተኛ፣ ከዚያ ንብ። አዎ፣ ንብ! ሁለት መቶ ስድሳ ወጣት በቁምጣ በሚሯሯጥበት ግቢ አሥራ ሁለት ቀፎ ንብ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኛው እንቁላል ግን ሮጠ።

ኮሚቴው የት ነበር ትሉ ይሆናል። ኮሚቴው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ይህን ለነገር ማሳመሪያ አይደለም የምለው። ክቡር እንጨምር አዲስ ሐሳብ ሲመጣላቸው ለውይይት አያቀርቡትም። ስብሰባው በሰላም ያልቃል፤ ሰብሳቢያችን የጥርስ ሐኪሙ "ጋሼ፣ በጸሎት ይዝጉልን" ይላሉ፤ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን።

"ጌታ ሆይ፣ ስለ ወጣቶቻችን እናመሰግንሃለን። ስለ ጤናችን እናመሰግንሃለን። ከትልቁ ዛፍ እስከ ቋጥኙ ድረስ ስለሚዘረጋው ሃያ አራት ሜትር የገመድ ድልድይም እናመሰግንሃለን።"

"አሜን" እንላለን። ምን እንበል? በጸሎት መካከል እጁን አውጥቶ "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ" የሚል ክርስቲያን ከየት ይመጣል? በሳምንቱ ካምፑ ስንደርስ እንጨቱ ተራግፏል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል።

"ጋሼ፣ ይህንን ማን ፈቀደ?"

"አሜን ብላችኋል እኮ! አንተማ ጮክ ብለህ ነው ያልከው።"

አንድ ጊዜ ሰብሳቢያችን በአሜን ፈንታ በሳል ሊያልፉት ሞከሩ። ክቡር እንጨምር አንገታቸውን ሳያቀኑ ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቁና ልመናውን ከመጀመሪያው ደገሙት። በመጨረሻ ደሜ ፈላና አንድ የውሳኔ ሐሳብ አረቀቅኩ፦ "በመዝጊያ ጸሎት ላይ የሚባል አሜን የግንባታ ፈቃድ ተደርጎ አይቆጠርም።" በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ክቡር እንጨምር ራሳቸው እጃቸውን አወጡ። ድል አደረግን ብዬ ብዕሬን ስከድን ሰብሳቢው በልማዳቸው "ጋሼ፣ በጸሎት ይዝጉልን" አሉ። ክቡርነታቸውም ስለዚህ መልካም ውሳኔ አመሰገኑ። ቃለ ጉባኤውን ስለጻፈችው እጅ አመሰገኑ። ጽሕፈቷ ጥርት ያለ፣ ልቧ የቀና መሆኗን መሰከሩ። ቀጥለውም በአጥሩ ዳር ስለሚቀመጡት አሥራ ሁለት የንብ ቀፎዎች አመሰገኑ። እጄ ስትመሰገን ሆዴ ባብቶ ስለነበር ከሁሉ ቀድሜ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሌላም ሕግ አለን። አዲስ ነገር ሲሠራ ወጣት ከመሞከሩ በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ይሞክረዋል። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። አባሉ ሁልጊዜ እኔ እንደምሆን ግን አላወቅኩም። ድልድዩ ያለቀ ዕለት ከቢሮ ከነከረባቴ ጠርተውኝ መጣሁ። ሌላው ሰው "አይዞህ፣ ምንም የለውም" ሲለኝ እውነት መስሎኝ ወጣሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። መካከሉ ላይ ስደርስ እግሬ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለኝ። አርባ ደቂቃ ያህል ገመድ አቅፌ ቆምኩ። ከታች ወጣቶቹ እንዲያበረታታኝ ብለው መዝሙር ይዘምሩልኛል፤ የመረጡት መዝሙር ደግሞ ስለ ሰማያዊ ቤት ነበር። ክቡር እንጨምር ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ወደ ላይ ይጮሃሉ።

"አትቸኩል! እይታው እንዴት ነው?"

"ጋሼ፣ አውርዱኝ!"

"እዚያች መካከሏ ላይ ማረፊያ ትንሽ እንጨምርበት" አሉና ከኪሳቸው እርሳስ አወጡ።

ሰው ሲመለምሉ የሚወዱት ተረት አለ፦ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" ተረቱ ደግ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሃምሳውንም ሎሚ የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ። ቢሮዬ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ተቃጠለ መጋዘኑ ሲያስረዳኝ ስልኬ ይጮሃል። "ፒክ አፕ መኪና ያለው ሰው ታውቃለህ?" ይላሉ። ሰላምታ የለም፣ ጤና ይስጥልኝ የለም። ዘንድሮ ጨጓራዬን የሚያየኝ ሐኪም "ሥራህ ጭንቀት አለው?" ሲለኝ "ሥራዬስ የለውም" አልኩት።

ስለዚህ ዘንድሮ በቃኝ ብዬ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ስድስት ገጽ ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። ርእሱ "የካምፑ ዕድገት ስለሚገታበት ሁኔታ" የሚል ነው። ገመዱን፣ ጀልባውን፣ ንቡን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አሰፈርኩ። ያሰፈርኩት ሁሉ እውነት ነው። በእንዲህ ዓይነት ንዴት እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ሪፖርቱ ላይ አላሰፈርኩትም።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አራት ዓመት ካምፕ ሄዳለች፤ አራቱንም ዓመት ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ያሳለፈችው። ከፍታ ያስፈራታል፤ እሱን ከእኔ ነው የወረሰችው። ዋና አትችልም። ንብ ስታይ ትደነዝዛለች። አምና ትምህርት ቤት ቀየርንላት፤ ጓደኛ ያላት አይመስለኝም። ከጊዜ በኋላ ምግቧን ሳህን ላይ አድርጋ ወደ ክፍሏ መግባት ጀመረች። ከዚያ በሩን መዝጋት ጀመረች። ዘንድሮ የካምፕ ምዝገባ ሲደርስ በሩን በርግጄ ገባሁና ጠየቅኳት።

"አልሄድም" አለች።

"ለምን፣ የኔ ልጅ?"

"አባዬ፣ እዚያ እኔ የምችለው ነገር የለም። በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨመራል፤ የሚጨመረው ሁሉ ደግሞ የማልችለው ነው።"

ከትምህርት ቤት ሌላ የምትሄድበት ቦታ ቢኖር ያ ካምፕ ብቻ ነበር። እሱም ከቀረ ልጄ ከዚያች ክፍል የምትወጣበት ምክንያት አልታየኝም። ፈራሁ። ባለቤቴ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትተኛ ተኝታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ንዴቴን ሁሉ ሰብስቤ ያራገፍኩት ክቡር እንጨምር ላይ ነው። ለሁለት መቶ ስድሳ ሰው የሚሆን ነገር ሲሠሩ ለአንዲቱ ለእህታቸው ልጅ የሚሆን አጡ?

ካምፑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኮረብታው ላይ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር እንደቆመ ሰማሁ። ስድስተኛውን ገጽ ልሞላ ሜትር ይዤ ሄድኩ። ኮረብታው አናት ላይ በአራት እግር የቆመ ነጭ ሣጥን አገኘሁ። ጎኖቹ ነፋስ የሚያስገቡ ስስ ጣውላዎች ናቸው። ውስጡ ቴርሞሜትርና የአየር ግፊት መለኪያ ተሰቅሏል፤ አጠገቡ የዝናብ መለኪያ አለ፤ በላዩ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ይዞራል። ክቡር እንጨምር ተንበርክከው እግሩን ቀለም ይቀባሉ።

"ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ትንሽ ነገር ነው።"

"ዝናብ ሲዘንብ መርጠባችን አይነግረንም? ለዚህ ደግሞ ሣጥን ያስፈልገዋል?"

"ነጭ ነው የሚቀባው፤ ፀሐይ እንዳያሞቀው" አሉኝ፤ የጠየቅኳቸውን ትተው ያልጠየቅኳቸውን መመለስ ልማዳቸው ነው። ለካሁት። በጣም ዝቅ ያለ ነው። እሳቸው መለኪያውን ለማንበብ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ማለት አለባቸው። ለምን ዝቅ እንዳለ ብጠይቅ "ነፋስ እንዳይጥለው" አሉ። ይህንንም ጻፍኩት፤ "የአሠራር ጉድለት" ብዬ።

ወርጄ ወጥ ቤት ገባሁ። የካምፑ ምግብ አብሳይ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ድንች እየላጡ ነበር። ብሶቴን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩላቸው። እትዬ ቢላቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመትህ ነው እዚህ ስትመላለስ?"

"አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግድግዳውን ነው የምታየው? ያ ያገኘውን ሁሉ የሚመታው ልጅ ትዝ አይልህም? ንብ የመጣው ለእሱ ነው። ንብ ፊት መቸኮል የለም፣ መጮህ የለም። ሁለተኛ ክረምቱን እጁ በማንም ላይ አላረፈም። አናጺ ቤቱ ደግሞ ንግግር ሲጀምር ለሚንተባተበው ነበር፤ መጋዝ ሲጮህ ማን ማንን ያናግራል? ሰውየው የመጡትን አይቆጥርም። የተቀመጡትን ነው የሚያየው።"

ሜትሬን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ግን የኢንሹራንስ ሰው ነኝና "ጀልባዎቹስ?" አልኩ።

"ጀልባዎቹማ ለራሱ ናቸው። ጀልባ ይወዳል" አሉና ሌላ ድንች አነሱ።

ከዚያ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከመደርደሪያው ላይ አንድ የመዝሙር ደብተር አወረዱ። የልጄ ነው፤ አምና ወንበሩ ላይ ረስታው የሄደችው። ከጀርባው ያሉት ባዶ ገጾች በትንንሽ ፊደል ተሞልተዋል። "ረፋድ አራት ሰዓት። ደመናው ከኮረብታው ጀርባ፣ ከሥሩ ጥቁር። ወፎቹ ዝቅ ብለው ይበርራሉ። ከሰዓት ይዘንባል።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ዘነበ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ።" ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ጽፋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተችው። እኔ አባቷ ወንበሩ ላይ ተክዛ የተቀመጠች ነበር የሚመስለኝ።

ተመልሼ ኮረብታውን ወጣሁ። ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ሳየው ቁመቱ የልጄ ነው።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ለኮሚቴ ታቀርበው ነበር" አሉ። ይህም እውነት ነው።

በዚያው ሳምንት ለልጄ ደወሉላት። እኔ ላይ እንደሚያደርጉት ሁሉ ሰላምታ አላቀረቡም። "መነጽሬ ደከመብኝ፤ እዚህ ቁጥር የሚያነብልኝ ሰው አጣሁ። ካምፑ የሚከፈት ዕለት ለአንድ ሰዓት ብቻ ነይልኝ" አሏት። ልጄ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። "ለአንድ ሰዓት ከሆነ" አለች።

ካምፑ የተከፈተ ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ለጉብኝት መጡ። ስድስተኛውን ገጽ ቀድጄ ጥዬ አምስቱን አነበብኩ፤ ገመዱ መታየት አለበት፣ ጀልባዎቹም እንደዚሁ። ለአንድ ዓመት አዲስ ግንባታ እንዳይኖር ተወሰነ። ክቡር እንጨምር "እሺ" አሉ። ሲሉት ቀለል ስላላቸው እስካሁን አላመንኳቸውም።

ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ አርባ ወጣት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ጀልባዎቹ አጠገብ ተሰለፈ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ክቡር እንጨምር ግን ጀልባ አላስነሡም፤ ኮረብታው ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ልጄ እትዬ የመለሱላትን ደብተር ደረቷ ላይ ለጥፋ ከሣጥኑ ዘንድ ወረደች።

"እንሂድ?" አሏት።

"አይሆንም" አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል። "ግፊቱ እየወረደ ነው። ነፋሱም ዞሯል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው… ምናልባት።"

አርባው ወጣት በአንድ ድምፅ አጉረመረመ። ሰብሳቢያችን ወደ ሰማይ አይተው "ኧረ ጋሼ፣ አንዲት ደመና እንኳ የለችም" አሉ። የኮሚቴ ፈቃድ ለአንድ ቀን እንኳ ጠብቀው የማያውቁት ሰው ባርኔጣቸውን አወለቁና "ዛሬ ጀልባ የለም። የአየር ኃላፊዋ ተናግራለች" አሉ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ከቅድሙ ይልቅ በራች። አንዱ ልጅ "ኧረ በዝናቡ ሞትን፣ ጥላ ስጡን!" ብሎ ሰውን አሳቀ። ልጄ ከኮረብታው ሥር ብቻዋን ቆማ ቀና አላለችም። ዕድሜዬን ሙሉ ማዕበል እንዳይመጣ የጸለይኩ ሰው ማዕበል እንዲመጣ ጸለይኩ። ክቡር እንጨምር በተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ፤ ሰማዩን አንዴ እንኳ አላዩትም። ሄጄ ጆሯቸው ሥር ተንበረከክኩ።

"ጋሼ፣ ባይዘንብስ?"

"ባይዘንብ ነገም እጠይቃታለሁ" አሉ።

ከዚህ በፊት ስለ እኚህ ሰው የጻፍኩትን አንዱንም አልሰርዝም። ግን እወዳቸዋለሁ። እዚያው ጀልባዋ አጠገብ በጉልበቴ እንዳለሁ ነው የገባኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ሲል መጀመሪያ ነፋሱ መጣ። የወጣቶቹን ባርኔጣ ሁሉ አንሥቶ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ውሃው እየተነሣ ዳር ያሉትን ጀልባዎች እርስ በርስ ያጋጫቸው ጀመር። አርባው ወጣት እየጮኸ ወደ አዳራሹ ሮጠ። ስደርስ ልጄን አላየኋትም፤ ዙሪያዋን ቆመው ከልለዋታል። ያ ጥላ ስጡን ያለው ልጅ "እንዴት አወቅሽ? ነገስ?" ይላታል። እሷ ደብተሩን ገልጣ በጣቷ እያሳየች ታስረዳለች፤ ድምፅዋ እኔ እስካለሁበት ድረስ ይሰማል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናዬን አስነሥቼ ጠራኋት። ለአንድ ሰዓት አልነበር የመጣችው?

"አባዬ፣ አንተ ሂድ። የአሥራ ሁለት ሰዓቱን አልመዘገብኩም" አለችኝና ተመልሳ ገባች።

ብቻዬን ነዳሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከኋላዬ ያለውን የመኪናዬን ባዶ ወንበር አይታ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ልጅቷስ?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"ወንድሜስ?"

"እየታዘዟት ነው።"